ጥይት የማይበግረው ካውቦይ

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቅዳሜ ሌሊት ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው፣ ቻናል 20 ላይ ካባ የደረበ ቫምፓየር ያገኝ ነበር። ካውንት ጎር ደ ቮል ይባላል። ሥራው የድሮ አስፈሪ ፊልሞችን እየቀለደ ማስተዋወቅ ነው፤ ፊልሙ ደካማ ከሆነ ከተመልካቹ ቀድሞ ራሱ ይስቅበታል። ዝግጅቱ በ1973 ተጀምሮ፣ በ1979 ተቋርጦ፣ በ1984 ተመልሶ መጥቶ ነበር። እኔም ከተማዋ የገባሁት በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ «እሱ ከመቃብር፣ እኔ ከካርቱም፣ እኩል ደረስን» እያልኩ እቀልድ ነበር።

ያን ጊዜ አራት ሆነን ከ18ኛው መንገድ ብዙ ሳይርቅ አንድ አፓርታማ ተከራይተናል። ሁለታችን መኪና ማቆሚያ፣ አንዱ ሆቴል፣ አንዱ ታክሲ። ሁላችንም የሌሊት ሠራተኞች ነን ማለት ይቻላል። ቀን እንቅልፍ እንዲወስደን የመኝታ ቤቱን መስኮት በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍነነው ነበር። ቅዳሜ ሥራ የሌለው ግን ፈንዲሻ አፈንድቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ይሰየማል። ከሌላው ፕሮግራም ይልቅ የድሮ አስፈሪ ፊልም የሚጥመን አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነበረው፤ እንግሊዝኛው ዝግ ያለ ነው። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ የተሠሩ ፊልሞች ውስጥ ሰው ቃሉን ጨርሶ ነው ሌላው የሚናገረው። ጭራቁም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል።

የካውቦይ ፊልምማ ያደግንበት ነው። ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ መርካቶ አጠገብ ራስ ሲኒማ፣ ትኬት ለመቁረጥ ስንጋፋ ሸሚዝ ያስቀደድንባቸው ቤቶች ናቸው። ፍራንኮ ኔሮ ጃንጎ ሆኖ የሬሳ ሳጥን በጭቃ ላይ እየጎተተ ብቅ ሲል አዳራሹ በፉጨት ይናጋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሬሳ ሳይሆን መትረየስ መሆኑን ቀድሞ ያየ ሰው፣ ለጎረቤቱ ሹክ ካላለ አያስችለውም። እዚያ ጨለማ ውስጥ የተማርነው ሕግ አንድ ነበር፦ አክተር አይሞትም። ጥይት ቢዘንብም ትከሻውን ቢጨርፈው ነው። ስለዚህ የቫምፓየር ካውቦይ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ግር ያለኝ ደሙ አልነበረም። የማይሞተው ሰውዬ አክተሩ አለመሆኑ ነው።

ፊልሙ «ከርስ ኦፍ ዘ አንዴድ» ይባላል፤ ያልሞቱት እርግማን እንበለው። ዩኒቨርሳል በ1959 በጥቁርና ነጭ ያወጣው፣ ኤድዋርድ ዲን ከሚስቱ ከሚልድረድ ጋር ጽፎ ራሱ ያዘጋጀው ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ወጣት ሴቶች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ ይረግፋሉ። ሐኪሙ ዶክተር ካርተር ደግሞ ከሕመምተኛ ቤት ሲመለስ ጋሪው ላይ ሞቶ ይገኛል። አንገቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ከተማው ግን አንገቱን ማን አየለት? ጣቱን የቀሰረው ከካርተር ጋር በውሃና በመሬት በሚጣላው ከብት አርቢ በበፈር ላይ ነው። የሐኪሙ ወንድ ልጅ የአባቴን ደም እመልሳለሁ ብሎ ይሄድና እሱም በበፈር ጥይት ይወድቃል። ብቻዋን የቀረችው እህቱ ዶሎረስ፣ ገዳዩን ለሚገድልላት 100 ዶላር እከፍላለሁ ብላ ማስታወቂያ ትለጥፋለች። ጥቁር ለባሹ ድሬክ ሮቢ በፈረሱ ብቅ የሚለው ያን ጊዜ ነው።

ቫምፓየር ሳይጋብዙት ደጃፍ አያልፍም ይባላል። በሌሎቹ ፊልሞች ይህ ጨዋታ ማሳመሪያ ነው፤ አንዲት ልጃገረድ መስኮት ትከፍታለች፣ አንድ ሞኝ ባለቤት «ይግቡ» ይላል። እዚህ ግን ጥሪው ደም የመመለስ ጥያቄ ነው። ዶሎረስ ክፉ ሴት አይደለችም፤ አባትና ወንድም በተከታታይ የቀበረች፣ ሸሪፉ ያልፈረደላት ሰው ናት። ያገሬ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። ደም ካልተመለሰ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው በየቀበሌው እናውቃለን። ዲኖች ያዩት ነገር፣ የካውቦይ ፊልም ሁሉ የቆመበት የበቀል ጥማት ደም ጠጪውን ራሱ ጠርቶ የሚያመጣ መሆኑን ነው። ለዚህ ብቻ ፊልሙን ከብዙ ታላላቅ ስም ካላቸው የካውቦይ ፊልሞች አስበልጠዋለሁ።

ሌላው ብልሃታቸው ሮቢ ሽጉጥ ለመምዘዝ ቀርፋፋ መሆኑ ነው። በካውቦይ ፊልም ቀድሞ የመዘዘ ያሸንፋል፤ ሃይማኖቱ ይህ ነው። ሮቢ ግን ይቀደማል። ጥይቱ ደረቱን ይመታዋል፤ እሱ ቆሞ ያያል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይተኩሳል። የሞተ ሰው ምን ያስቸኩለዋል! ይህን ትዕይንት ስናይ አንደኛው ጓደኛችን ተነሥቶ «ይሄማ ማጭበርበር ነው» ብሎ የጮኸው አይረሳኝም። እውነቱን ነው። የራስ ሲኒማን ሕግ ሰርቆ ለወንበዴው የሰጠ ፊልም ነው።

ሮቢን ሆኖ የተጫወተው ማይክል ፔት አውስትራሊያዊ ነው። ሆሊውድ በ1953 «ሆንዶ» ላይ የአፓች አለቃ አድርጎት ነበር፤ እዚህ ደግሞ የስፓኒሽ መኳንንት ልጅ አደረገው። ያም ሆኖ የሚያሳምን ፊት አለው፤ ሲገድል ደስ የማይለው፣ ሲያፈቅር የሚያፍር። እውነተኛ ስሙ ድራጎ ሮብልስ መሆኑ፣ ሚስቱን የወሸመ ወንድሙን በጩቤ መግደሉ፣ ከዚያም በጸጸት ራሱን ማጥፋቱ ኋላ ይገለጣል። ሞት ያልተቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ ቫምፓየር ነክሶት አይደለም።

እዚህ ላይ ከአራታችን የአንዱን እናት ማምጣት አለብኝ። እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። ልጃቸው ወረቀት ጨርሶ ካገር ቤት ያስመጣቸው እናት ናቸው፤ ቡና አፍልተው ከእኛ ጋር ያመሻሉ። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ፊልሙን ግን ከኛ ቀድመው ይረዱታል።

«ይሄ ጥቁር የለበሰው ማነው?» አሉኝ።

«የሞተ ሰው ነው፣ እማማ።»

«የሞተስ ከሆነ ምን ያዞረዋል?» ትንሽ ዝም አሉና፣ «ራሱን አጥፍቶ ነው፤ ፍትሐት አላገኘም» አሉ።

ታሪኩ ገና አልተገለጠም ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ የፊልሙ ሰባኪ የሮብልስን ቤተሰብ የድሮ የማስታወሻ ደብተር ከፍቶ ሲያነብ፣ እሳቸው ስኒ እያጠቡ ነበር። ሲነገራቸውም አልደነቃቸውም። ራሱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት እንደማይደረስ ለሚያውቅ ሰው፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

የተቆጡት መጨረሻው ላይ ነው። በፊልሙ አክተሩ ሰባኪ ነው፤ ዳን የሚባል፣ ዶሎረስን የሚወድ። ዳንን የሚጫወተው ኤሪክ ፍሌሚንግ በዚያው ዓመት ከክሊንት ኢስትዉድ ጋር «ሮውሃይድ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የከብት ነጂዎች አለቃ ሆኖ ታዋቂ የሆነው ሰው ነው። ሰባኪው ኮቱ ላይ የሚሰካት ትንሽ መስቀል አለችው፤ ከስቅለቱ ተራራ የመጣ ነው የተባለ እሾህ አለባት። በመጨረሻው ፍልሚያ ያቺን መስቀል ጥይቱ አፍ ላይ ገጥሞ ይተኩሳል። ሮቢ ይወድቃል፤ ሬሳው ይጠፋና ልብሱ ብቻ መሬት ላይ ይቀራል። እኛ አጨበጨብን።

እማማ ግን አማተቡና፣ «መስቀል ይሳለሙታል እንጂ ይተኩሱታል? እኔ መስከረም 21 ግሸን ወጥቻለሁ። ግማደ መስቀሉ ያለበት ቦታ ኃጢአተኛ ይማርበታል እንጂ አይገደልበትም» አሉ። ልጃቸው «ፊልም እኮ ነው፣ እማዬ» ቢላቸው፣ «ፊልምም ቢሆን» ብለው አረፉት።

ለእሳቸው ፍርድ የሚስማማ ፊልም የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በ1989 አንቶኒ ሂኮክስ ዩታ ምድረ በዳ ላይ በቀረጸው «ሰንዳውን» ውስጥ፣ ከሰው ደም መጠጣት የተዉ ቫምፓየሮች ፐርገቶሪ የምትባል ከተማ መሥርተው ሰው ሠራሽ ደም እየጠመቁ ይኖራሉ። መሪያቸው ዴቪድ ካራዲን ነው። ፍጻሜው ላይ ትልቅ መስቀል ሲቆም ክፉዎቹ ይቃጠላሉ፤ ንስሐ የገቡት ግን አንዳች አይነካቸውም፤ ምሕረት አግኝተዋል። ፊልሙ በጥቅሉ ዝብርቅርቁ የወጣ ነው፤ ያ አንድ ሐሳብ ግን እማማን ከወንበራቸው የሚያስነሣ ነበር።

ሁለቱን ዘውግ ያጋባቸው ማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ፣ ግማሹ መልስ ገንዘብ ነው። በ1957 የዩኒቨርሳል የድሮ አስፈሪ ፊልሞች በጥቅል ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጡ፤ ልጆች ድራኩላን ሳሎናቸው ውስጥ አገኙት። በ1958 የእንግሊዙ ሐመር ስቱዲዮ ክሪስቶፈር ሊን ድራኩላ አድርጎ በቀለም አመጣ። በዚያው ወቅት የአሜሪካ ቴሌቪዥን በካውቦይ ተከታታይ ፊልም ተጥለቅልቋል። ዩኒቨርሳል ግቢ ውስጥ የካውቦይ ከተማ ከነመጠጥ ቤቱ፣ ከነፈረስ ማሰሪያው ተሠርቶ ቆሟል። በዚያ ከተማ ውስጥ ካባ የለበሰ ሰው ማስገባት የሚያስወጣው የካባውን ዋጋ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ከሆሊውድ ይቀድማል። ብራም ስቶከር በ1897 ባሳተመው «ድራኩላ» ውስጥ አንድ ካውቦይ አለ። ኩዊንሲ ሞሪስ ይባላል፣ የቴክሳስ ሰው ነው። ስቶከር የታላቁ ተዋናይ የሄንሪ ኧርቪንግ ቲያትር ሥራ አስኪያጅ ስለነበር ከ1883 ጀምሮ ከቡድኑ ጋር አሜሪካን ተዘዋውሮባታል። የቡፋሎ ቢል ትርኢትም በ1887 ከነፈረሱና ከነቀይ ሕንዶቹ ለንደን ገብቶ ከተማውን ጉድ አሰኝቷል። ልብ ወለዱ ላይ ዊንቸስተር ጠመንጃ ይያዝ የሚለው ኩዊንሲ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ አስቡት፦ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ፈረሰኞች ጠመንጃ ይዘው የድራኩላን ሳጥን የጫነውን ጋሪ ያሳድዳሉ፤ ጠባቂዎቹ ቢላዋ ይመዛሉ። በረዶውን በአቧራ ተኩት፤ አሪዞና ናችሁ። ድራኩላ ልቡን የተወጋው በዚያ የቴክሳስ ሰው ቦዊ ቢላዋ ነው፤ ሰውዬውም እዚያው ቆስሎ ይሞታል። በ1931 ከቤላ ሉጎሲ ጋር የተሠራው ፊልም ኩዊንሲን ከነጭራሹ ጣለው። ካውቦይ በየመንገዱ የሞላባት ሆሊውድ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን አንድ ካውቦይ አላስፈልግም አለች። ፍራንሲስ ኮፖላ በ1992 መልሶ አስገብቶታል።

የ1966ቱን «ቢሊ ዘ ኪድ ቨርሰስ ድራኩላ»ን ግን ምን ብዬ ልከላከልለት! ዳይሬክተሩ ዊልያም ቦዲን ከድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ጀምሮ የሠራ፣ ሜሪ ፒክፎርድን በ1926 የመራ አንጋፋ ነው። በስተርጅናው ግን «አንዴ ብቻ ቀራጩ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር፤ ተዋናዩ ቢደናቀፍም አይደግምም። ይህ ፊልም ከ«ጄሲ ጄምስ ከፍራንከንስታይን ልጅ ጋር» አብሮ በአንድ ትኬት ሁለት ሆኖ ታየ። ድራኩላ በጠራራ ፀሐይ ፈረስ ይጋልባል። የሌሊት ወፉ ላስቲክ ነው፤ ክሩም ይታያል። ሰውዬው ሊነክስ ሲል ፊቱ ላይ ቀይ መብራት ይበራበታል። ቢሊ ሽጉጡን እስኪያልቅ ተኩሶ ምንም አልሆን ሲለው፣ ባዶውን ሽጉጥ ይወረውርበታል፤ ጥይት ያልበገረው ድራኩላ በውርወራው ተመትቶ ይዘረራል! አራታችንም የሳቅነው ሳቅ ጎረቤት ግድግዳ አስደበደበ።

ድራኩላ የሆነው ጆን ካራዲን ነው፤ ኋላ «ሰንዳውን» ላይ የምናገኘው የዴቪድ አባት። ይህ ሰው በ1939 በጆን ፎርድ «ስቴጅኮች» ውስጥ የደቡቡን ቁማርተኛ ሆኖ የካውቦይን ፊልም ካስከበሩት አንዱ ነው። በ1944ና በ45 ደግሞ ለዩኒቨርሳል ድራኩላ ሆኗል። ሁለቱን ዓለም በአንድ ሥጋ የያዘ ሰው ካለ እሱ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደረሰው ግን ይህ ፊልም ነው። ስለ ሥራዎቹ ሲጠየቅ የሚጸጸትበት እሱን ብቻ እንደሆነ ይናገር ነበር።

አንድ ነገር ግን አልጥልበትም። በፊልሙ ቫምፓየሩን ለይተው የሚያውቁት ኦስተሮች የሚባሉ ስደተኞች ናቸው። ልጃቸውን መጀመሪያ ያጡት እነሱ ናቸው፤ ምልክቱን ካገራቸው ያውቁታል፤ ይናገራሉ፤ ማንም አይሰማቸውም። ሰዉ ሁሉ የሚያያቸው የድሮ አገራቸውን ተረት ይዘው እንደመጡ ባላገሮች ነው። በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጠን ለደንበኞች ስለ ጅብና ስለ ቡዳ ለማውራት ሞክረን የምናውቅ እኛ፣ ለኦስተሮች ከልብ አዘንን። መጨረሻ ላይ እውነቱ የነሱ ሆኖ ሲገኝ ይቅርታ የጠየቃቸው አለ? አላየሁም።

ከዚያ በቪዲዮ የመጣው «ኒር ዳርክ» ነው። ካትሪን ቢግሎ በ1987 የሠራችው። የካውቦይ ፊልም መሥራት ፈልጋ ገንዘብ የሚሰጣት ስላጣች፣ ከኤሪክ ሬድ ጋር ቫምፓየር ጨምራ ጻፈችው። በዚያው ዓመት ከወጣው ከ«ሎስት ቦይስ» ጎን ተሸፍኖ በሲኒማ ቤት ከሰረ፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ያስገባው 3.4 ሚሊዮን ገደማ ነው። እኛ ከሠፈራችን ቪዲዮ ማከራያ ወስደን ነው ያየነው፤ ቀንም አሳልፈን የመለስነው፣ ቅጣት ከፍለን።

ፊልሙ ውስጥ «ቫምፓየር» የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አይነሣም። ካባ የለም፣ መስቀል የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም። ያሉት በተሰረቀ መኪና ከኦክላሆማ ካንሳስ የሚንከራተቱ የቆሸሹ ሰዎች ናቸው። አለቃቸው ጄሲ ዕድሜውን ሲጠየቅ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለደቡብ ተዋግቶ እንደተሸነፈ በመናገር ነው የሚመልሰው። ቢል ፓክስተን የሚጫወተው ሰቨረን ደግሞ ጫማው ላይ ያሰረውን የፈረስ መኮርኮሪያ ለሰው ጉሮሮ ይጠቀምበታል። ሆመር የሚባለው ትንሽ ልጅ ውስጡ አዛውንት ነው፤ ሰውነቱ ግን አላድግ ብሎታል፤ ከሁሉም የሚያሳዝነው እሱ ነው። እንደ ድሮ ሽፍቶች በአንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ አብረው ያድናሉ፣ አብረው ይደበቃሉ።

የሞቴሉን ውጊያ ያየ አይረሳውም። ፖሊሶቹ ከውጭ ይተኩሳሉ። ጥይቱ እነሱን አይጎዳም፤ ግድግዳውን ግን ይበሳዋል። በየቀዳዳው የጠዋት ፀሐይ እንደ ዘንግ ይገባል፤ የሚያቃጥላቸውም እሱ ነው። ሮቢን የማይበግረው ጥይት እዚህ ብርሃን ይዞ ይገባል። ከ1959 በኋላ በዚህ ዘውግ የታሰበ ትልቁ ሐሳብ ይህ ይመስለኛል።

ሁላችንም ዝም ያልነው ግን ቫምፓየሮቹ የመኪናቸውን መስታወት በፎይልና በቀለም ሸፍነው ሲተኙ ነው። አንዱ ጓደኛችን ዞር ብሎ የራሳችንን መስኮት አየ። ማንም ምንም አልተናገረም። የሚቀልደው ታክሲ ነጂው እንኳን አልቀለደም፤ በማግስቱ ግን ከመኝታ ቤቱ መስኮት አንደኛውን ጎን ፎይል ቀዶ አወጣና «እኔ ብርሃን እየገባ መተኛት እለምዳለሁ» አለ። አልለመደም፤ በሁለተኛው ሳምንት ብርድ ልብስ ሰቀለ።

የ1990ዎቹን ብዙ አልወደድኳቸውም። «ፍሮም ደስክ ቲል ዶውን» በ1996 እስከ ግማሹ ድንቅ የሽፍታ ፊልም ነው፤ ቫምፓየሮቹ ሲመጡ ጨዋታ ይሆናል። ጆን ካርፔንተር በ1998 ኒው ሜክሲኮ ላይ የቀረጸው «ቫምፓየርስ» አቧራውና ሰማዩ ያምራል፣ ሰዎቹ ግን ከመሳደብ በቀር ሥራ የላቸውም።

የ1959ኙን ፊልም ግን አሁንም ደጋግሜ አየዋለሁ፤ ዛሬ ጥሩ ቅጂው ይገኛል። ዕድሜ ሲገፋ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሽጉጡ ሳይሆን ወደ ወረቀቶቹ ነው። ፊልሙ በወረቀት የተሞላ ነው፤ የዶሎረስ ማስታወቂያ፣ የርስት ሰነድ፣ የድሮው የማስታወሻ ደብተር። ካርተሮች የሚኖሩበት እርሻ ቀድሞ የሮብልስ ቤተሰብ ርስት ነበር። አሜሪካ በ1848 ከሜክሲኮ ጋር ውል ፈርማ ያን ሁሉ ምድር ስትወስድ፣ የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ባለርስቶች መሬታቸው እንደሚጠበቅላቸው ተጽፎ ነበር። በ1851 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለርስት ሁሉ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ርስቱ የሱ መሆኑን ያረጋግጥ የሚል ሕግ ወጣ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ያሸነፉትም ብዙዎቹ ለጠበቃና ለወለድ መሬቱን ሸጠው ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ፊልሙ ስለዚህ አንድ ቃል አይተነፍስም። በፈር ውሃውን ይገድባል፣ ዶሎረስ ሰነዷን ይዛ ትሟገታለች፣ ሸሪፉ በሁለቱ መሐል ይዋልላል። ሮቢ ደግሞ ያንን ቤት ሲገባ የሚረግጠው ወንድሙን የገደለበትን፣ ራሱም የተቀበረበትን የአባቱን መሬት ነው። ሸሪፉም ሰባኪውም፣ ከሁላቸው በፊት እዚያ የነበረውን ይህን ሰውዬ «እንግዳው» እያሉ ነው የሚጠሩት።